ስድስት ሳምንት፣ አንድ ደብተር፣ 206 ቆሮሶ

ሚያዝያ 20 ማታ አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያቀረብኩት ጥያቄ ይህ ነበር። የባዮሎጂ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከታኅሣሥ መጀመሪያ አንስቶ ለ13 ቅዳሜዎች ጎሕ ሲቀድ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር እየወረድኩ፣ አስጋሪዎች ያወጡትን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ርዝመቱን ለክቻለሁ፣ ክብደቱን መዝኛለሁ። 206 ዓሣ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። አሁን ለማስተርስ የነፃ ትምህርት ዕድል ልወዳደር ነው፤ አርቲክል (ጀርናል በሚባል የምርምር መጽሔት ላይ የሚወጣ ጽሑፍ) ያለው ሰው ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ማመልከቻው ሰኔ 5 ይዘጋል። ስድስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ጀርናል የሚቀበለው ጽሑፍ ሊጽፍ ይችላል ወይ? ከቻለስ ከየት ይጀምራል? ጣና ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ስለ ሐይቁ የሚጻፈው ላይ የእኔም እጅ ቢኖርበት ደስ ይለኛል ብዬም ጨምሬ ነበር።

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ስለረዘመና ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ተማሪዎች በውስጥ መስመር ስለሚጽፉልኝ፣ መልሶቹን እንደ አመጣጣቸው ቁጥራቸውን ሳልቀይር እተርካለሁ። ያስከፋኝንም አልተውኩም።

1. የመጀመሪያው ከተመረቀ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ነው። ወንድ መስዬው አንተ እያለ ነው የጻፈው። እንደሚቻል ነገረኝና መግቢያ ለመጻፍ ግን እንዳልቀመጥ አስጠነቀቀኝ። ተማሪ ሁሉ የሚሰምጠው እዚያ ነው ባይ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ሐይቆች ሁለት ገጽ ሲጽፍ ሳምንቱ ያልቃል። በዚያው ሌሊት የአሠራር ክፍሉን እንድጀምር መከረኝ፤ ምን እንዳደረግሁ የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩና በየቀኑ እየረሳሁት ስለምሄድ። ከዚያ ውጤቱ፣ ከዚያ ውይይቱ፣ መግቢያው ከእነርሱ በኋላ፣ አጽሕሮተ ጥናቱ ከሁሉም መጨረሻ። እንዳለው አደረግሁ፤ ሌሊቱን አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ።

2. ሁለተኛው አጭርና መራራ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በስድስት ሳምንት አርቲክል እንደማያወጣ፣ ለስም ከምሯሯጥ ይልቅ የመውጫ ፈተናዬን ባጠና እንደሚሻለኝ ጻፈ። ስለ ፈተናው ያለው እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ለስም የሚለው ቃል ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

3. ክሩን ያቃናችው ይህች ናት። ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሴት ናት። ሁለተኛውን ሳትዘልፍ አረመችው። መጻፍ፣ መላክ፣ ተቀባይነት ማግኘትና መታተም አራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳች። ሁለቱ በእኔ እጅ ናቸው። ሦስተኛው በአርታኢውና በገምጋሚዎቹ እጅ ነው፤ ገምጋሚዎቹ ደግሞ ከገዛ ሥራቸው ላይ ሰዓት ቀንሰው፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ ነው የሚያነቡት፤ ደህና ጀርናል ወራት ቢወስድ አይፈረድበትም። ስለዚህ ማመልከቻው የሚጠይቀው የታተመ ይሁን የተላከ ደግሜ እንዳነብ ነገረችኝ። አነበብኩ። የተላከም ይቆጠራል፣ መላኩን የሚያሳይ ደብዳቤ ከተያያዘ። ያን ቀን ጫንቃዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደ።

ሁለተኛ ምክሯ መመረቂያ ጽሑፉን ቆራርጬ አርቲክል ለማድረግ እንዳልሞክር ነበር። 40 ገጽ መመረቂያ የሚጻፈው ተማሪው ማወቁን ለመምህሩ ለማሳየት ነው፤ የአርቲክል አንባቢ ግን ስለ ተማሪው ግድ የለውም፣ የሚፈልገው አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ነው። አጭር ዘገባ የሚባል ዓይነት አለ፣ አራት አምስት ገጽ፤ ወደዚያ እንድሄድ መራችኝ።

4. አራተኛውን የጻፉት ዕድሜያቸውን ከዓሣ ጋር ያሳለፉ ሰው ናቸው። ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበል። ጋሼ ስለ አጻጻፍ አንድ ቃል አልተናገሩም። አምስት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ርዝመቱ የተለካው ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ ነው ወይስ ጅራቱ እስከሚጀምርበት? የተመዘነው ሆዱ ሳይወጣ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ? መረቡ የስንት ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ነው? ሚዛኑ ምን ዓይነት ነው፣ ትክክል መሆኑንስ ማን አየው? ወንድና ሴቱ ተለይቷል?

ቀጥለው ለምን እንደጠየቁ አብራሩ። ዓሣ ቅርጹን ሳይለውጥ ካደገ፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ክብደት የርዝመትን ኩብ ይከተላል ማለት ነው። የምንፈልገው ቁጥር፣ ክብደት የርዝመትን ስንተኛ ኃይል እንደሚከተል የሚናገረው (ኩብ ሦስተኛው ነው)፣ ሦስት ላይ ካረፈ ዓሣው እንደ ቅርጹ አድጓል፤ ከሦስት ከበለጠ እየረዘመ ሲሄድ ይወፍራል፤ ካነሰ ይቀጥናል። ሥሌቱ ቀላል ነው፣ ኤክሴል በአንድ ደቂቃ ያወጣዋል። ችግሩ ዓሣውን የመረጥኩት እኔ አለመሆኔ ነው። የመረጠው መረቡ ነው። የመረብ ቀዳዳ ዓሣን የሚይዘው በወገቡ ውፍረት ነው። ስለዚህ ከትንንሾቹ የሚያዙት ወፈር ያሉት ናቸው፤ ቀጫጮቹ ሾልከው ያልፋሉ። ከትልልቆቹ ደግሞ የሚያዙት ቀጠን ያሉት ናቸው፤ ወፍራሞቹ አይገቡበትም። እንዲህ በተመረጠ ዓሣ ላይ ቁጥሩ ከሦስት በታች ቢወጣ፣ ዓሣው ቀጥኖ ሳይሆን መረቡ አጣሞት ሊሆን ይችላል።

ይህን አንብቤ ላፕቶፔን ከደንኩት። አራት ዓመት ተምሬ ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም።

በመጨረሻም ርዕሱ ላይ ቆሮሶ የተባለውን የጣናውን በትክክለኛ ስሙ እንድጽፈው አሳሰቡ። የጣናው ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ የሐይቁ ስም ተሰጥቶታል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሌላ ሐይቅ ላይ ከተሠራ ጥናት ጋር ዝም ብሎ ያወዳድረዋል።

5. የእኔ መልስ። ሁሉንም እንደነበረ ጻፍኩ። ርዝመቱ እስከ ጅራት ጫፍ ነው። አናጺ ባሠራሁት ጣውላ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር በምስማር መትቼ፣ ራስ በኩል ትንሽ እንጨት አቁሜ፣ የዓሣውን አፍ እዚያ አስደግፌ ነው የለካሁት። የመረቡን ቀዳዳ አስጋሪዎቹን ጠይቄ ጽፌያለሁ። ሚዛኑ ዓሣ የሚሸጥበት ተንጠልጣይ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ነው፤ የፊቱ መስመር በ20 ግራም የተከፈለ። ወንድና ሴቱን አልለየሁም።

ሆዱን በተመለከተ ግን የሚያሳፍር ነገር ነበረብኝ። አንድ ቅዳሜ ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ስደርስ አርፍጄ ነበር። ፊሌቶ የሚያወጡት እናት ዓሣውን ሆዱን አጽድተው በላሜራው ላይ ደርድረውታል። እንዳያልፈኝ ብዬ 23ቱን እንደዚያው መዘንኩ። ደብተሩ ላይ ኮከብ አድርጌባቸዋለሁ። ኤክሴል ላይ ስገለብጣቸው ግን ኮከቡ ቀረ። ለአምስት ወር ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ኖረዋል፣ መመረቂያ ጽሑፌም ላይ እንዲሁ።

6. ጋሼ መለሱ። አልተቆጡም። 23ቱን አውጥቼ በ183 እንድሠራና የወጡበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽሑፉ ውስጥ እንዳስቀምጥ፣ ለአማካሪዬም በግልጽ እንድነግር አዘዙኝ። ደብተሩን እንዳልጥለው ደግሞ ደጋግመው ነገሩኝ። በማግሥቱ ለአማካሪዬ ነገርኩ፤ መመረቂያውም ላይ ተስተካከለ።

7. እዚህ ላይ አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ለጠፈ። በሰባት ቀን የሚያትም ዓለም አቀፍ ጀርናል እንደሚያውቅ፣ ክፍያው ብቻ ከተላከ ሌላ ጣጣ እንደሌለ ጻፈ። የመድረኩ አስተዳዳሪ ቁጥሩን አነሳው፤ ጽሑፉን ግን ሰው እንዲማርበት ተወው።

8. ቀጣዩ መልስ በቁጣ የተጻፈ ነው፤ ቁጣውም ይገባዋል። ጸሐፊው ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ጀርናል ላይ ጽሑፉን ልኮ በሦስት ቀን ተቀባይነት አግኝቷል ተባለ። አንድ ቃል አልታረመም፤ ሠንጠረዡ ላይ በስሕተት የገባ ቁጥር እንኳ እንዳለ ወጣ። ክፍያውን ዘመዱ ውጭ አገር ሆኖ ነው የከፈለለት። በኋላ ድረ ገጹ ጠፋ። ጽሑፉን ለደህና ጀርናል ልላክ ሲል ደግሞ አንዴ የወጣ ነገር ድጋሚ እንደማይታተም ነገሩት። ለጥናቱ ያሳለፈው ዓመት በሙሉ እንዲህ ቀለጠ። የጀርናሉን ስም ሰዎች ቢጠይቁትም አልተናገረም፤ ስሙን ቀይሮ ሌላ ቦታ ይከፈታል እንጂ አይጠፋም ነው መልሱ።

9. አንዲት የላይብረሪ ባለሙያ ገባች። በመጀመሪያ ሁሉም አንተ እያሉ የሚጽፉልኝ እኔ ሴት መሆኔን፣ መገለጫዬን ቢያዩ ያውቁ እንደነበር ለሁሉም አስታወቀች። ከ10ኛው በኋላ አንቺ ተባልኩ።

ከዚያ ጀርናል እንዴት እንደሚመረመር ጻፈች። ጄፍሪ ቢል የሚባል አሜሪካዊ የላይብረሪ ባለሙያ አጭበርባሪ የሚላቸውን አሳታሚዎች ዝርዝር ለዓመታት ይይዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ዝርዝሩ ከኢንተርኔት ተነሣ። ስለዚህ የመጥፎዎቹን ዝርዝር ከመፈለግ የደጎቹን ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ስዊድን ውስጥ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ የነፃ ጀርናሎች ማውጫ አለ። የአፍሪካ ጀርናሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረና አሁን ከደቡብ አፍሪካ በሚመራ አንድ ድረ ገጽ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። አገር ውስጥም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲኔት የሚባለውን የሳይንስ ጀርናል፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የራሱን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ጀርናል ያሳትማሉ። ከሁሉም የወደድኩት ግን የመጨረሻውን ምክሯን ነው፦ ጀርናሉ ላይ የወጡ ሦስት ጽሑፎችን አውርዶ ማንበብ። የሠንጠረዥ ስሕተት ካለፈ፣ ዓሣና ሲሚንቶ አንድ ዕትም ላይ ጎን ለጎን ከወጡ፣ እዚያ አለመላክ።

10. አንዱ ደህናዎቹም ቢሆኑ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉና ለድሃ ልጅ በሩ ዝግ ነው ብሎ ተናደደ።

11. የላይብረሪ ባለሙያዋ በግማሽ ተስማማች። ብዙ የታወቁ አሳታሚዎች ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ጸሐፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ፤ ግን መጠየቅ የሚገባው ጽሑፉ ሲላክ ነው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይደለም። ምንም የማያስከፍሉ ጀርናሎችም አሉ። ለማንበብም ቢሆን ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው አገልግሎት የተመዘገቡ ተቋማት ተማሪዎች በነፃ ያነባሉ፤ ብዙ ተማሪ የይለፍ ቃሉ ላይብረሪ እንዳለ ስለማያውቅ አይጠይቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ሄጄ ስጠይቅ በአምስት ደቂቃ ሰጡኝ።

ከ12 እስከ 17 ያለው ከመንገድ የወጣ ነው። አንዱ ባሕር ዳር ውስጥ ርካሽ ዓሣ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ሌላው ቆሮሶ ኮተሌት ሆኖ ካልተበላ ዓሣ እንዳልተበላ ይቆጠራል ብሎ ተነሣ፤ የአምባዛ ወዳጅ መጣበት። በመሃል አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ዓሣ ስለመብላት አነሡ። ከዚያ በኋላ መከባበሩ ቀረ። ይበላል የሚለውና አይበላም የሚለው እስከ ሃይማኖት ስድብ ደረሱ። አስተዳዳሪው ሁለት ጽሑፍ አጥፍቶ ስለ ጾም የሚጻፍ ነገር እዚህ ክር ላይ እንዲያበቃ አዘዘ።

18. ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ግን ለእኔ አንድ ነገር ጥሎልኝ ሄዷል። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚነግድ ሰው ሁለት መስመር ጻፈ። በጾሙ ወራት ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ሌላ ጊዜ የሚመለሰው ትንሽ ዓሣ ሳይቀር ወደ ገበያ እንደሚወጣ ገለጸ። ደብተሬን ከፈትኩ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ጾሙ ከገባ በኋላ ናቸው። ካለኝ ዓሣ ሁሉ አጫጭሮቹ፣ 17 እና 18 ሴንቲ ሜትር የሆኑት፣ አብዛኞቹ የተመዘገቡት በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሐይቁ ውስጥ አዲስ ጫጩት በዝቶ ነው ብዬ ውይይት ክፍሉ ላይ አንድ አንቀጽ ጽፌ ነበር። አጠፋሁት። በምትኩ የገበያውን ነገር ጻፍኩ፤ ነጋዴው በግል ስሙን ሰጥቶኝ የምስጋናው ክፍል ላይ አስገባሁት።

19. የደራሲነት ነገር የተነሣው በአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። አማካሪዬ ስማቸው ይግባ ወይስ አይግባ?

20. ከክሩ ሁሉ የሚወጋው መልስ ይህ ነበር። ጸሐፊው ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሠርቶ ሲያበቃ ስሙ ሦስተኛ ላይ ሰፍሮ ያገኘው ሰው ነው፤ የት እንደሆነ አልተናገረም። አማካሪ ሁሉ ሌባ ነው ወደሚል ሄደ፤ የእኔን አማካሪም ሳያውቃቸው ሰደባቸው። ይህን አልወደድኩትም። አማካሪዬ ፕሮፖዛሌን አራት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ያረሙ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ዓሣ አያያዝ ሊያሳዩኝ በሌሊት የመጡ ሰው ናቸው። ይህንኑ ጻፍኩ።

21. ሦስተኛውን መልስ የጻፈችው መምህርት ተመልሳ ነገሩን አበረደችው። የሕክምና ጀርናሎች አርታኢዎች ያወጡት፣ ሌሎችም የተቀበሉት አራት መስፈርት አለ፦ በሐሳቡ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ድርሻ ማድረግ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ አንብቦ ማጽደቅ፣ ለጽሑፉ ተጠያቂ መሆን። አራቱንም ያሟላ ደራሲ ነው፤ ያላሟላ ምስጋና ውስጥ ይገባል። የስሞቹ ቅደም ተከተል ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ ካልሆነም ከመላኩ በፊት። በማግሥቱ አማካሪዬ ቢሮ ሄጄ አፍሬም ቢሆን ጠየቅኋቸው። እኔ አንደኛ፣ እርሳቸው ሁለተኛ። ንግግሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ እኔ ግን ለሳምንት ፈርቼው ነበር።

22. አንዱ ይህን ሁሉ ከማንበብ ቻትጂፒቲ በአንድ ሌሊት ይጽፈዋል ብሎ መከረ።

23. ሌላው የጓደኛውን ታሪክ አመጣ። ማሽኑ ከጻፈለት 15 ዋቢ ጽሑፎች ውስጥ ስድስቱ በዓለም ላይ የሌሉ ነበሩ፤ የጀርናሉ ስምና ቅጹ ግን እውነት ይመስላል። ዲፌንስ (መመረቂያ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ቀን) ላይ ፈታኙ አንዱን እንዲያወጣ ጠየቀው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ትልልቅ አሳታሚዎች ማሽን ደራሲ ሊሆን እንደማይችልና የተጠቀመበት ሰው እንዲናገር ደንግገዋል። እኔ እንግሊዝኛዬን ለማስተካከል ተጠቅሜበታለሁ፤ ይህንንም ጽሑፉ ላይ አስፍሬአለሁ። ዋቢዎቹን ግን አንድ በአንድ ከፍቼ አንብቤያቸዋለሁ፤ 14 ናቸው።

24. እንግሊዝኛ ስለሚከብዳቸው ለሚፈሩ አንዱ የሰጠው ምክር ጥሩ ነው። ውጤቱን በመጀመሪያ በአማርኛ፣ ዓሣ ለሚያውቅ ግን ላልተማረ ሰው መናገር። ቅዳሜ ፊሌቶ ለሚያወጡት እናት ነገርኳቸው። ትንንሾቹን መረብ ሲይዛቸው ወፍራሞቹን እንደሚመርጥ ስነግራቸው እጃቸውን ሳያቆሙ እንደሚያውቁት ነገሩኝ፤ ቀጭኑ ቆሮሶ ሥጋ የለውም፣ ግን መረብ ላይ እምብዛም አይታይም። የጋሼን አንድ አንቀጽ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

25. አንዲት የሕግ ተማሪ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ። ደብተሩ ላይ የመረቡ ቀዳዳ ከአስጋሪው ስም ጋር ተጽፏል ወይ? ተጽፏል። ሰውየው ያመነኝ ስለ መረቡ እንድጠይቀው እንጂ ስሙ ከመረቡ ጋር እንዲወጣ አይደለም፤ ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል። ከሰው ጋር የሚሠራ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚያስፈልገው መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት እንደሆነና ኋላ ሊጠየቅ እንደማይችልም አስገነዘበች። የእኔ ስለ ዓሣ ስለሆነ፣ የሞተና ለገበያ የወጣ ዓሣ ስለሆነም፣ አማካሪዬ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጽፈው ቀድሞ አልፏል። ስሞቹን ግን ከኮምፒውተሩ በሙሉ አጠፋሁ፤ በምትካቸው ቁጥር ሰጠሁ።

26. ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ሚዛኑን አልረሱትም። ትክክል መሆኑን በውኃ ማወቅ እንደሚቻል ጻፉ፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ግን አንድ ልክ ብቻ አይበቃም፣ በሦስት መጠን መሞከር አለበት። ሚዛኑ ሁሉም ላይ እኩል 40 ግራም የሚጨምር ከሆነ ትንሹን ዓሣ ከትልቁ ይበልጥ ያዛባዋል፣ የምንፈልገውንም ቁጥር ያበላሸዋል። በመቶኛ የሚጨምር ከሆነ ግን ሁሉንም በአንድ ልክ ስለሚያሳድገው ቁጥሩን አይነካውም፤ አካፍሎ ማስተካከል ነው።

27. የእኔ መልስ፣ ግንቦት 16። ከላብ መለኪያ ሲሊንደር ተውሼ፣ ሁለት ሃይላንድ ይዤ ወረድኩ። የሚዛኑ ባለቤት ሥራቸውን አቁመው ቆመው አዩኝ፤ አስጋሪዎችም ተሰበሰቡ። 250 ሚሊ ሊትር ስሰቅል መርፌው 260 ላይ ቆመ። 500ው 520 ሆነ። አንዱ ሊትር 1,040። ከመቶ አራት፣ ሦስቱም ላይ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኝ ነበር። የ183ቱን ክብደት በ1.04 አካፈልኩ፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ሚዛኑ በ20 ግራም የተከፈለ መሆኑንና ይህን ማጣራት በአሠራር ክፍሉ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር አደረግሁት። የሚዛኑ ባለቤት ደግሞ ለዓመታት ለገዢ በኪሎ ወደ 40 ግራም ሲያጎድሉ መኖራቸው አሳስቧቸው፣ በዚያው ሳምንት አዲስ ገዙ።

28. አንድ ሰው ጽሑፉን ከጀርናሉ በፊት ባዮአርካይቭ በሚባል፣ ገና ያልተገመገሙ ጽሑፎች በሚቀመጡበት ድረ ገጽ ላይ እንዳስቀምጥ መከረ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ነው፣ በነፃ ነው፣ ቀኑ ይመዘገብልሻል፤ ገምጋሚ ግን አላየውም። አንዳንድ ጀርናል ይህን ስለማይቀበል ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል ብላ የላይብረሪ ባለሙያዋ አከለች። የመረጥኩት ጀርናል መመሪያ ላይ በግልጽ ስላላገኘሁት ተውኩት።

29. ግንቦት 27 ላክሁ። አምስት ገጽ፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ሥዕል። የርዝመቱ ክልል 17 እስከ 31 ሴንቲ ሜትር መሆኑን፣ ወንድና ሴቱ አለመለየቱን፣ ዓሣው መረብ የመረጠው መሆኑን በግልጽ ጽፌአለሁ። ሦስተኛ ቀኑ ላይ አርታኢዋ መለሰችልኝ፤ ካርታው ላይ የሰሜን ምልክት እንዳስገባና የጉማራና የርብ ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚገቡበትን እንዳሳይ ጠየቀች። ሰኔ 2 ለገምጋሚዎች መላኩን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ማመልከቻዬ ላይ አያያዝኩት። ያንን ያህል ሳምንት ጠዋት ጠዋት ለመውጫ ፈተና እያጠናሁ ነበር፤ ጽሑፉ የምሽት ሥራ ነበር።

30. ብዙዎች እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ቀዳዳው የተለያየ መረብ አብረን እንድንጥል ብቻ ጠየቁኝ።

31. ሁለተኛውን የጻፈው ሰው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ታናሽ እኅቱ ጎርጎራ ላይ አምባዛ እየለካች መሆኗን፣ የገበያ ሚዛን እንደምትጠቀም ጻፈና፣ ሃይላንዱን ከሚዛኑ ጋር የማሥርበት ገመድ ክብደቱ እንዴት እንደሚታሰብ ጠየቀኝ። ባዶውን ሃይላንድ ከነገመዱና ከነክዳኑ በመጀመሪያ ሰቅላ የሚያሳየውን እንድትጽፍ፣ ከዚያ ውኃውን ስትጨምር ያንን እንድትቀንስ መለስኩለት። የሦስቱን ልክ ሠንጠረዥም ላክሁለት።